የእናትሽን የጨው ዕቃ የተረተርኩት እኔ ነኝ

ውድ ጋረን፣

የወንድሜ ሚስት ብትሆኚም የማውቅሽ እንደ እህቴ ነው፤ ስለዚህ ዙሪያ ጥምጥም ሳልል ልንገርሽ። የእናትሽን የጨው ዕቃ ውሻችን አልበላውም። እኔ ነኝ የተረተርኩት።

ከወንድሜ ቀብር በኋላ ልጅሽ ዘንድ ወደ ስቶክሆልም ስትሄጂ፣ "እስክመለስ አንቺ ጋ ይቀመጥ" ብለሽ ሰጠሽኝ። በርች ከሚባለው ዛፍ ቀጫጭን ሥሮች የተሰፋ፣ ከጡጫዬ ብዙም የማይበልጥ፣ እርጥበት የማያስገባ። እናትሽ እማማ ኤለን ከሞቱ ወዲህ በመንደራችን የዛፍ ሥር መስፋት የሚያውቅ አልቀረም ነበር። በዚያ የበረዶ ወራት አሠራሩን ለማወቅ ክዳኑን ብቻ ፈትቼ ልየው ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ አንድ ዙር፣ ከዚያ ሌላ። አንዱን ስፈታ በአዲስ ሥር አስመስዬ በወስፌ እሰፋለሁ፤ አልሆን ሲለኝ ደግሞ ሌላውን እፈታለሁ። በረዶው ሲቀልጥ የቀረኝ አንድ እፍኝ ቁርጥራጭ ነበር።

በበጋ ስትመጪ እውነቱን መናገር ፈርቼ በውሻው አሳበብኩ። ምስኪን! እስኪሞት ድረስ "አንተ ሌባ" እያልሽ ስትሰድቢው እግርሽ ሥር ተኝቶ ጭራውን ይቆላልሽ ነበር።

አሁን ደስ የሚለውን ልንገርሽ። ዛሬ ሥር የምንሰፋ አምስት ሴቶች ሆነናል። በድሮው ትምህርት ቤት አንድ ክፍል ተሰጥቶናል። ሱና የጽዳት ሥራዋን ትታ በስፌቷ ትኖራለች፤ ልጆቿን ይዛ ወደ ከተማ መሰደዷም ቀረ። እማማ ኢንጋ ዓይናቸው ስለደከመ ሥር ይልጣሉ፣ አፋቸው ግን አልደከመም። ትናንት ሱና ስፌቱን ስታጠብቅ፣

"ቀስ በይ እንጂ ልጄ! ባልሽን የምታንቂ መሰለሽ?" አሏት።

"ኧረ ባሌስ እንዲህ አያስቸግረኝም!"

ባለፈው የካቲት ገበያ ግን አንድ ነጋዴ የፋብሪካ ማስመሰያ ከጎናችን ዘርግቶ በሩብ ዋጋ ሲቸበችብ ዋለ። ከእኛ ከሳሚ ሕዝብ ሴቶች እጅ የወጣ መሆኑን የሚመሰክር ምልክት ካላገኘን አንዘልቅም። ለምልክቱ የሚሞላው ቅጽ "ሙያውን ከማን ተማሩ?" ይላል።

"እኛስ ካንቺ፤ አንቺ ከማን?" አለችኝ ሱና።

"ከራሴ" ልል ስል እማማ ኢንጋ ቢላቸውን አስቀመጡ።

"ይሄ አጨራረስ የኤለን ነው። እኔን አታታልዪኝም፣ አጠገቧ ተቀምጬ ነው ያረጀሁት። መቼ አስተማረችሽ?"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ከዚያ እማማ ኢንጋ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"ጋረን ትገድልሻለች! ኤለን ብትኖር ግን ትስምሽ ነበር። እኛን ልታስተምር ስትለምን፣ ማን ጊዜ አለው ብለን የሳቅንባት እኮ እኛ ነን።"

እናም በቅጹ ላይ የእናትሽን ስም ጻፍኩ፤ በእርሳስ። ስማቸውን መስጠት ያንቺ እንጂ የእኔ አይደለም። ወረቀቱ አርብ ይላካል፤ እስከ ሐሙስ ደውዪልኝ። አጥፊው ካልሽኝ አጠፋለሁ፣ ምልክቱም ይቅር፤ የሌላ ሰው ስም አልጽፍም። እሺ ካልሽኝ በቀለም እደግመዋለሁ።

መቆጣት ከፈለግሽም ተቆጪ። ስልኩን ጠረጴዛው መሃል አድርገን አምስታችንም እንሰማሻለን፤ ድምፅሽ ናፍቆናል።

ከፈቀድሽልኝ የእናትሽ ተማሪ፣
ሪስቲን