ለቬራ የምማረው ሩሲያኛ

ረቡዕ፣ ጥር 7

ያን ቀን ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነበርኩ። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለንስሐ አባቴ እንኳ።

ባሌ ተሾመ ጓሮ ድንች ይኮተኩት ነበር። የቤቱ ስልክ ጮኸ። መጀመሪያ የሩቅ አገር ሽውታ፣ ቀጥሎ የልጅ ድምፅ፦ «ፓፓ?» ይህን ቃል ለመረዳት ትምህርት አያስፈልግም። ሩሲያ ሲማር የወለዳት ልጅ እንዳለችው ከመጋባታችን በፊት ነግሮኛል። እኔ አልወለድኩለትም። «የለም» ብዬ ዘጋሁት። እጁን እያራገፈ ገብቶ «ማነው?» ሲለኝ «ተሳስተው ነው» አልኩ። ከዚያ አገር ዳግመኛ አልተደወለም። እስኪሞት ድረስ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ከእኔ ቀድሞ ብድግ የሚለው እሱ ነበር።

ባለፈው ክረምት የተሾመ ወንድም ዓለማየሁ ከጫጫ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ቬራን አገኘኋት! በኢንተርኔት!» ከዚያን ቀን ጀምሮ ሩሲያኛ እማራለሁ። የፊታችን እሁድ ትደውላለች።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ሌሊቱን ውርጭ ጎመኑን አቃጥሎታል። ፀሐይ እስክትወጣ ጋቢ ተከናንቤ ትምህርቴን ከስልክ ሰማሁ።

የእኛን ፊደል ያለ አስተማሪ የቆጠርኩት አንኮበር፣ ጎረቤላ ሳለሁ፣ ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ ላይ ነው። የእነሱ ሠላሳ ሦስት ብቻ መሆኑን ስሰማ ሳቅሁ። ሳቄ ብዙ አልቆየም። የእኛ ፊደል ድምፁን በሆዱ ይዞ ይሄዳል። የእነሱ ፊደላት አንዳንዴ አራት ሆነው ያለ አናባቢ ይደረደራሉ። ሰላምታቸውን ብቻ ለማለት ስንት ሳምንት ፈጀብኝ! «ዝድራስትቩይትዬ።» አሁንም መሃሉ ላይ እወድቃለሁ።

ግን አንድ ድል አለኝ። በስልኩ ያለችው አስተማሪ የውጭ ሰው ሁሉ የሚቸገርበትን ድምፅ ልታሳየን አፏን ታጣምማለች። እኔ ምኑ እንደሚያስቸግር አልገባኝም። ሳድሱ ፊደላችን እኮ ነው! በእነሱ ቋንቋ «እኛ» ለማለት የእኛኑ «ም» ትንሽ ሳብ ማድረግ ይበቃል። ያን ያህል ርቆ ካለ በረዶ አገር የእኔው ድምፅ ሲጠብቀኝ አገኘሁት።

ዓርብ፣ ጥር 9

ጋሽ በቀለ ጎራ አሉ። ሩሲያ ከተሾመ ጋር አብረው የተማሩ ናቸው። ያጠናሁትን አሰምቻቸው ሳቁብኝ።

«አስካለ፣ ይሄ ቋንቋ የፊት ጥርስ ይፈልጋል። ያንቺ በር ክፍት ነው፤ ቃሉ ሁሉ እየሾለከ አመለጠሽ።»

«የእርስዎስ ሰው ሠራሽ አይደል? ደግሞ ለእሱ!»

እሁድ መጥተው ላስተርጉም አሉኝ። እምቢ አልኩ። ቅር አላቸው። የምናገረውን በሰው አፍ መናገር አልችልም፤ ይህን ደግሞ ለእሳቸው ማስረዳት አልችልም።

ሊወጡ ሲሉ በሩ ላይ ቆመው «ታዲያ ቬራ ብቻ ብለሽ እንዳትጠሪያት» አሉኝ። «ዓለማየሁ እንደነገረኝ መምህር ናት፤ ተማሪዎቿ ቬራ ተሾሞቭና ነው የሚሏት።»

«እሱ ምንድነው?»

«የተሾመ ልጅ። እነሱም እንደኛ በአባት ስም ነው የሚጠሩ።»

ከሄዱ በኋላ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። እኔ አባቷን ከእሷ የቆረጥኩ መስሎኝ ስኖር፣ ልጆች በየጠዋቱ ተነስተው በስሙ «ደህና አደሩ» ይሏታል። ተሾመ በደብረ ብርሃን ስሙን የሚጠራው ሰው እያነሰ ሲሄድ እዚያ በረዶው ውስጥ ሲጠራ ኖሯል። ምን ዓይነት ቋንቋ ነው?

ቅዳሜ፣ ጥር 10። ከተራ

ታቦቱን ሸኝቼ ቶሎ ተመለስኩ። እነሱም ዘንድ ነገ ጥምቀት ነው አሉ፤ ወንዙ ላይ በረዶ ሰብረው ይገባሉ። ስለ ብርዱ እኔ ተንቀጠቀጥኩላቸው።

የምላትን አጠናሁ። «ያ ስኒያላ ትሩብኩ»፣ ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ያ ቪናቫታ»፣ ጥፋተኛ ነኝ። በእኛ ወንድም ሴትም «አነሳሁ» ይላል። በእነሱ ቃሉ ራሱ ሴት መሆኔን ይናገራል። መደበቂያ የለውም። ፈራሁት፤ ወደድኩትም።

ብትዘጋብኝስ? ትዝጋ። እኔም ዘግቼባታለሁ። ግን ሳልነግራት እንዳትዘጋ።

እሁድ፣ ጥር 11። ጥምቀት

ከጥምቀተ ባሕሩ ስመለስ ነጠላዬ በተረጨው ጠበል እንደራሰ ነበር። ሳልቀይር ስልኩ ጮኸ። ምስል እምቢ አለ፤ ድምፅ ብቻ። የትልቅ ሴት ድምፅ፣ የመምህር።

ይሰሙኛል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ገባኝ! ግን ስንት ወር ያጠናሁት ሁሉ ብን ብሎ ጠፋ። «አዎ» የሚለው ያ ትንሹ ቃላቸው እንኳ አልመጣልኝም። እንዲያው በልማድ፣ እኛ ሁላችን እንደምናደርገው፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ አዎንታዬን ሰጠሁ። ደንግጣ ደግማ ጠየቀች። እኔም ደግሜ ሳብ።

አመመኝ መሰላት? ተቆረጠ? ከዚያ ማልቀስ ይሁን መሳቅ ያልለየለት ድምፅ መጣ።

«ፓፓ… ፓፓ ታክ ዴላል።»

አባቴ እንዲህ ያደርግ ነበር። ሳልተረጉመው ገባኝ። አምስት ዓመት ሳይሞላት የተለየችውን ሰው ትንፋሽ ይዛ ኖራለች።

ያን ጊዜ አፌ ተፈታ። ስልኩን ያነሳሁት እኔ ነኝ አልኳት። እሱ አላወቀም አልኳት። ጥፋተኛ ነኝ። ምናልባት ሰዋስዉን አበላሽቼዋለሁ። አልዘጋችም። ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። ከዚያ ረጅም ነገር በፍጥነት ተናገረች። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ሁለት ቃል ነው፦ «አስታውሳለሁ» እና «ነገ»። ቀስ ብላ ተሰናበተችኝ።

ይቅር ብላኝ ይሁን ተቆጥታ አላውቅም። ጋሽ በቀለን አልጠይቅም። ነገ ራሷን እጠይቃታለሁ፤ መጠየቂያውን ቃል እያጠናሁ ነው።

እነዚህ ገጾች የቬራ ተሾመ ናቸው፤ ለእሷ እልካቸዋለሁ። ፊደላችንን አታውቅም። እስክታውቅ መጠበቅ አሁን የእኔ ተራ ነው።