ኮሶ የጠጣችው መኪና

አሰበ ተፈሪ፣ ሰኔ 9 ቀን 1955 ዓ.ም.

ንዴቴ እስካሁን አልበረደም። ነገ ጠዋት ሐረር የአዳሪ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተና አለብኝ፤ እኔ ግን ይኸው እቤቴ ተጎልቻለሁ።

የአባባ አሮጌ መኪና ዳገት ላይ ሞተሯ እያንኳኳ ስላስቸገረቻቸው፣ ከድሬዳዋ ቤንዚን ላይ የሚጨመር ማጠንከሪያ አስመጡ፤ ሁለት ጣሳ። ዛሬ ጠዋት ልንሄድ ስንል ጣሳው ላይ ያለውን እንግሊዝኛ አነበብኩላቸው።

«አባባ፣ አንዱ ጣሳ ለሙሉ ታንክ ነው ይላል።»

«አንቺ ደግሞ መድኃኒት ልታስተምሪኝ ነው? ኮሶ በባዶ ሆድ ካልተጠጣ መቼ ይሠራል!»

አባባ የሆስፒታል ድሬሰር ናቸው፤ ቁስል ያሽጋሉ፣ መድኃኒት ይሰጣሉ። በሽተኛ ከታዘዘለት አንዲት ክኒን ቢጨምር ጣራ እስኪነቃነቅ የሚጮኹት ሰውዬ፣ ቤንዚኑ ሊያልቅ ጥቂት በቀረው ታንክ ላይ ሁለቱንም ጣሳ ገለበጡበት።

ከከተማው እንደወጣን ወደ ሂርና የሚወስደውን ዳገት ገና ስንጀምር መኪናዋን አሳላት፣ ተንዘፈዘፈች፣ ቀጥ አለች። ጫት በአህያ የጫኑ ሽማግሌ ቆመው አዩንና «ዱቴ? ሞተች?» አሉ።

«ምን ትሞታለች! መድኃኒቱ እየሠራ ነው» አሉ አባባ።

የዕለቱ የሐረር አውቶቡስ የክፍል ጓደኞቼን ይዞ መጣ። ላስቆመው ስሮጥ አባባ እጄን ለቀም አደረጉኝ። «ተይው፣ አሁን ትነሣለች!» አውቶቡሱ አቧራውን አልብሶን አለፈ። መኪናዋ አልተነሣችም፤ ተገፍታ ተመለሰች።

አሁን ደግሞ «ታማ ነው ብዬ ለፈታኞቹ የሐኪም ወረቀት እጽፍልሻለሁ» ይላሉ። እኔ ምን ሆንኩና!

«እንግዲያው እውነቱን ይጻፉ» አልኳቸው። «ልጄ ደህና ናት፣ ያስቀረኋት እኔ ነኝ ብለው ይፈርሙ።»

ይቆጡኛል ብዬ ነበር። እስካሁን ብዕሩን ይዘው ባዶውን ወረቀት ያዩታል።