ጌታዬ ናርዱ

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 12

ዝናብ። ከቫሌታ ወደ ቢርጉ ወደቡን በጀልባ ተሻገርኩ፤ ካልሲዬ ሳይደርቅ ዋለ። እንደ ሁልጊዜው ሐሙስ በማኅበራችን መጦሪያ ነጩን ሽርጥ አስሬ ሕመምተኞቹን ምሳ አበላሁ።

አዲስ ሰው መጥቷል። ናርዱ ይባላል። ዕድሜ ልኩን በመርከብ ጥገናው በያጅ ነበር፤ አሁን እግሩ አይሄድ፣ ጣቶቹ ተቆላልፈው ማንኪያ አይዙ። ሽርጤ ላይ ያለውን መስቀል አየና፦

«ፈረሰኛ ነህ?»

«አዎ፣ የማልታው የቅዱስ ዮሐንስ ማኅበር ፈረሰኛ።»

«ፈረስህን የት አሰርከው?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ... ከአንገት በላይ።

የማኅበራችንን ደንብ ነገርኩት። ኢየሩሳሌም ላይ ለምስኪን ተሳላሚዎች ሆስፒታል ከተከፈተ ጀምሮ፣ ይኸው ዘጠኝ መቶ ዓመት፣ ሕመምተኛውን «ጌታችን» ነው የምንለው። መስፍንም ይሁን በያጅ አንቱ ብለን እናበላዋለን። ባልነግረው ይሻል ነበር መሰለኝ።

እሑድ፣ ኦክቶበር 15

ለቅዳሴ ስለብስ የሸሚዜን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ባለቤቴ ስቴላ ብትኖር... የላይኛውን ትቼው ወጣሁ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 19

የሰውዬው አፍ አይዘጋም።

«ጌታዬ ነዎት አላልከኝም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው ልዘዝህ። ዝፈን።»

«ድምፅ የለኝም።»

«ድምፅ አለህ ወይ ብዬ ጠየቅሁህ? ዝፈን!»

ዘፈንኩ። ምን ላድርግ? አጠገቡ የተኙት ሁለቱ ሽማግሌዎች እስኪያስላቸው ሳቁ።

ከዚያ ሾርባውን እየዋጠ ጀመረኝ። «አያቶችህ የማልታ ሰዎች ናቸው አይደል? ፈረሰኞቹ ይችን ደሴት ሲገዙ ያገሬው ልጅ ፈረሰኛ አይሆንም ነበር። አንተም በጓሮ በር ነበር የምትገባው፣ መጥረጊያህን ይዘህ።»

«ሆስፒታላቸው ግን ድሃውን በብር ሳህን ያበላ ነበር» አልኩት።

«መርከባቸውንስ ማን ቀዘፈው? በሰንሰለት የታሰረ ባሪያ! የብሩን ሳህን የገዛው የማን ላብ ነው?»

ታሪኩን አንብቤዋለሁ፤ እውነቱን ነው። ቁስል ያጠቡትም ሰው ያሰሩትም እነዚያው ናቸው። ይህን መስቀል ስለብስ የቱን ነው የለበስኩት?

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 9

ደፋሁበት።

ማንኪያው አፉ ጋ ሳይደርስ እጄ ተንዘፈዘፈ። ትኩሱ ሾርባ አንገቱ ላይ ፈሰሰ። ናርዱ ጮኸ። የክፍሉ ኃላፊ መሊታ እየሮጠች መጣች።

«ስፒሩ! ምን ተፈጠረ?»

እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ መለሰ። «እኔ ነኝ። ማንኪያውን በክርኔ መታሁበት። የዓሣ ሾርባ አልወድም፣ ስንቴ ልንገራችሁ?»

መሊታ ልጅ እንደሚቆጣ ሰው ተቆጣችው። ሌሎቹ ሁሉ እያዩ። እኔ ዝም። ዝም!

ዓርብ፣ ኖቬምበር 10

እንቅልፍ የለም።

ሐኪሙ የነገረኝ በኤፕሪል ነው። ፓርኪንሰን። ለማንም አልተነፈስኩም። መሊታ ካወቀች ማንኪያውን ትነጥቀኛለች፤ ከዚያ በኋላ በበዓል ቀን ካባ ለብሶ ሻማ መያዝ ብቻ ነው። ስቴላ ከሞተች ወዲህ ከሐሙስ ሌላ ምን ቀን አለኝ? ሌላውን ቀን ግድግዳ ሳይ ነው የምውለው።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 23

ቃጠሎው አንገቱ ላይ ጠባሳ ሆኗል። ማየት አቃተኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፣ ስፒሩ።»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«አትቀልድብኝ። ለመሊታ ንገራት። እኔስ ቻልኩት። ያ ጥጉ ላይ የተኛው፣ መናገር የማይችለው ሰውዬ ላይ ብትደፋበትስ? እሱ በምን ይጮኻል?»

«ከነገርኳት በኋላ እኔ ምን ልሁን?»

«እንደኔ ትሆናለሃ! ሲያጎርሱህ አፍህን ከፍተህ ትበላለህ። ጌታህ ነኝ፤ አዝዤሃለሁ።»

«ይህን አልታዘዝም።»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። «እንግዲያው ጌታ የምትለኝ ለዘፈን ብቻ ነው» አለኝ።

ሐሙስ፣ ኖቬምበር 30

ከእጄ አልበላም አለ። ማንኪያውን ይዤ ቆምኩ፤ አፉን ገጠመ። መሊታ ስትመጣ ግን በላ።

ጥጉ ላይ ያለውን ሰውዬ ዛሬም እኔው አበላሁት። አልደፋሁም። ላብ ግን አጠመቀኝ።

ሐሙስ፣ ዲሴምበር 7

የናርዱን አልጋ ተነጥፎ አገኘሁት። ማክሰኞ ዕለት ሞተ። ሳንባው ነው አሉ። ይቅርታ እንኳን አላልኩትም...

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 9

ቀብሩ ላይ የመርከብ ጥገናው ሽማግሌዎች መጥተዋል። አንዱ ጥቁሩን ካባዬን ከላይ እስከ ታች አየና «አንተ ደግሞ ምኑ ነህ?» አለኝ።

«ጌታዬ ነበር» አልኩት።

«ናርዱ ይህን ቢሰማ በሳቅ ይሞት ነበር» አለ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና ቆቡን አወለቀ።

ከመቃብሩ በቀጥታ ወደ መሊታ ሄድኩ። ስለ እጄም፣ ስለዚያ ሾርባም ሁሉንም ነገርኳት። ትጮኽብኛለች ብዬ ነበር።

«እኔ እኮ ተቆጣሁት» አለች። «ሰው ፊት ተቆጣሁት።»

ሽርጤን ፈትቼ ሰጠኋት። ተቀበለችኝ። «እየመጣህ አጫውታቸው» አለችኝ በሩ ላይ። አዎ አልኳት። ውሸቴን ነው።

ሐሙስ፣ ማርች 14

ሐሙስ ነው። የትም አልሄድኩም።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 18

ከጄሶው በወጡት ጣቶቼ ነው የምጽፈው። አንድ መስመር ለመጻፍ ዕድሜ ይፈጃል።

የቤቴ ደረጃ ላይ ወድቄ ቀኝ እጄ ተሰበረ። ግራው እንደሆነ መንቀጥቀጡን አልተወም። ብቻዬን መኖር አልቻልኩም፤ ወደዚሁ ወደ ቢርጉ አመጡኝ። መስኮት አጠገብ ነኝ።

ሁለት ቀን ሙሉ «አልራበኝም» አልኩ። እንዴት አይርበኝ! የሆዴ ጩኸት ለጎረቤቴ ይሰማዋል። አፍሬ ነው። ሰው ሳጎርስ ኖሬ እኔ እንደ ሕፃን... ሞት ይሻለኛል ብዬ ነበር።

ዛሬ መሊታ ሳህኑን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። «ጌታዬ፣ ይብሉ እንጂ» አለችኝ። ስንት ዓመት ስፒሩ ስትለኝ የኖረች ሴት! ልጮኽባት ነበር። ናርዱ ትዝ አለኝ፤ ያዘዘኝም፣ አልታዘዝም ያልኩትም። ግማሹን፣ ለመሊታ መንገሩን፣ ከሞተ በኋላ ፈጸምኩለት። ግማሹ ቀርቶ ነበር።

አፌን ከፈትኩ።

ሾርባው አገጬ ላይ ወረደ። ጠረገችው። እንባዬንም አብራ ጠረገችው። ሁለተኛውን ዋጥሁ። ሦስተኛውን።

«ጨው የለውም» አልኳት።

ልታመጣ ተነሣች።