የመምህርት ሸዋረገድ ደጉ ዕረፍት፤ ከቤተ ሙከራ ወደ ክፍል የተመለሱት መምህርታችን

በነቀምቴ የዩኒቨርሲቲያችን የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ባልደረቦች፣ መምህርት ሸዋረገድ ደጉ በሕክምና ሲረዱ ቆይተው የካቲት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በ61 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን የምናስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው።

መምህርት ሸዋረገድ በ1957 ዓ.ም. በአያና ከተማ ተወለዱ። በዲፕሎማ ተመርቀው ከ1980 ዓ.ም. ጀምሮ ለሃያ ዓመታት በጉቴ ከተማ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምረዋል።

በ2000 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲያችን ሲመጡ ዲፕሎማቸው ለመምህርነት ስለማይበቃ የተመደቡት በቤተ ሙከራ ቴክኒክ ረዳትነት ነበር። ማይክሮስኮፑን ወልውለው፣ ናሙናውን አሰናድተው፣ ማስተማሩን ለወጣት መምህራን ይተዉ ነበር። ተማሪዎች ግን በአፋን ኦሮሞ «ባርሲፍቱ»፣ መምህርት፣ እያሉ ይጠሯቸው ነበር። ክፍል ገብተው ማስተማር ምን ያህል ይናፍቃቸው እንደነበር የምናውቅ ጥቂቶች ነበርን።

በ2005 ዓ.ም. በክረምት ትምህርት የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አገኙ። ለሁለተኛ ዲግሪ ሲመዘገቡ አማካሪ የሆኑላቸው ዶክተር ጋሮማ ቢራቱ ናቸው፤ መምህርት ሸዋረገድ ራሳቸው ጉቴ ዘጠነኛ ክፍል ሳሉ ያስተማሯቸው ተማሪ። ዶክተር ጋሮማ በመጀመሪያው ቀን መምህርታቸው ሳይቀመጡ መቀመጥ አልሆነላቸውም፤ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ለማረምም አልደፈሩም። ይህን ያዩት መምህርት ሸዋረገድ፣ «እዚህ ተማሪዋ እኔ ነኝ። ስሕተቴን አይተህ ካለፍከኝ በደልከኝ» አሏቸው። ጽሑፉ ሦስት ጊዜ ተመለሰ፤ ሦስቱንም ጊዜ አርመው አመጡ።

በ2010 ዓ.ም. ተመርቀው በቀጣዩ ዓመት በሌክቸረርነት ተመደቡ። ለመጨረሻ ጊዜ ጠመኔ ከጨበጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸው ነበርና፣ በመጀመሪያው ቀን በሩ ላይ ጥቂት ቆመው እንደገቡ እናስታውሳለን።

ከአያና እስከ ኪራሙ እየተዘዋወሩ የሰበሰቧቸውን ዕፅዋት አድርቀው፣ ስማቸውን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጽፈው ለትምህርት ክፍሉ አኑረዋል። መንገዱ አስጊ ሆኖ የመስክ ጉዞው ከቀረ ወዲህ ተማሪዎቻችን የዚያን አገር ቅጠል የሚያዩት ከዚያ ስብስብ ላይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. በጡረታ ተሰናበቱ። ዛሬ የቤተ ሙከራ ባለሙያውና መምህሩ በየመዋቅራቸው ተለይተዋል። ሁለቱንም ሥራ በእጃቸው የሚያውቁትን ሰው አጥተናል።

ለባለቤታቸው ለአቶ አበጋዝ፣ ለልጃቸው ለሐዊ፣ በጉቴና በነቀምቴ ላስተማሯቸው ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። አብዛኞቻችን የመጀመሪያውን የቤተ ሙከራ ትምህርት የሰጠነው እርሳቸው አጠገባችን ቆመው፣ የሳትነውን በዝግታ እያቀኑልን ነው። ይህን በሕይወት ሳሉ ልንነግራቸው ይገባን ነበር።

የባዮሎጂ ትምህርት ክፍል ባልደረቦች
ነቀምቴ