የጨው ውሃ ነበር፣ አባዬ

የኔ አባዬ፣

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። እስካሁን ያልጻፍኩልህ ቃል አጥሮኝ ነው። ዛሬ ግን ደስታው ቁጭ ብድግ እያሰኘኝ ነው የምጽፈው። ፖስታው ተከፈተ!

በወረርሽኙ ጊዜ ለአዲስ ክትባት ሙከራ ፈቃደኛ ሲፈለግ፣ ቅጹን መካኒሳ ካለው ክሊኒክ ያመጣሁልህ እኔ ነኝ። ገጽ በገጽ አነበብኩልህ። ግማሹ ሰው ክትባቱን፣ ግማሹ የጨው ውሃ ይወጋል፤ ማን ምን እንደደረሰው ሐኪሟም አታውቅም፣ ሙከራው ሲያልቅ የታሸገ ፖስታ ተከፍቶ ነው የሚነገረው። አንተ የጠየቅከኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ካልፈለግኩ መተው እችላለሁ ወይ? ትችላለህ ስልህ ፈረምክ።

ከዚያማ ጉድ አደረግከን! ክንዴን፣ ትኩሳቴን እያልክ ሦስት ቀን ተኛህ። እማዬ አጥሚት ስታመላልስ ከረመች። አንተ ደግሞ "እውነተኛው ነው የደረሰኝ" እያልክ ለዕድርተኛው ሁሉ አወራህ።

አምስት ወር ሳይሞላ ልብህ ቀጥ አለ። ሐኪሞቹ የቆየው የልብ ሕመምህ ነው ቢሉም፣ ለቅሶ ላይ "መርፌው ነው" ተባለ። እማዬም አመነች። ክፉ ቃል አልተናገረችኝም፤ ብቻ ዓይኔን ማየት ተወች። አንድ ቤት እየኖርን እናቴ ናፈቀችኝ፣ አባዬ።

ዛሬ ጠዋት ክሊኒኩ ጠርቶ ፖስታህን ከፈተልኝ። ያንተ የጨው ውሃ ነበር! ታክሲ መጠበቅ አቅቶኝ ወረቀቱን ይዤ እስከ ጎፋ ቤታችን በእግሬ ሮጥኩ። እውነተኛው ደርሶህ ቢሆን ኖሮም ጥፋቱ የመርፌው አይሆንም ነበር፤ ግን ማን ያምነኝ ነበር?

እማዬ ወረቀቱን ሁለቴ አስነበበችኝ። ከዚያ "አይ ሰውዬው! ያ ሁሉ አጥሚት ለጨው ውሃ?" ብላ ስትስቅ፣ ስትስቅ ሳቋ ለቅሶ ሆነና እቅፍ አደረገችኝ። ሐኪሟ ያለችኝንም ነገርኳት፤ እንዳንተ የጨው ውሃ የተወጉት ባይኖሩ ክትባቱ መሥራቱ በምን ይታወቅ ነበር? እማዬ እንባዋን ጠርጋ ለጎረቤት ልትነግር ወጣች።

አሁን ለሌላ ክትባት ሙከራ ሰው እየፈለጉ ነው። ማን ልፈርም ቢል ጥሩ ነው? እማዬ! ግን ለአባትሽ እንዳነበብሽለት ገጽ በገጽ አንብቢልኝ፣ ክንዴን ካመመኝ ደግሞ አጥሚቱን የምትሠሪው አንቺ ነሽ አለችኝ። ዓይን ዓይኔን እያየች።

እሠራላታለሁ። ያንተን ሦስት ቀን ሳናነሳ ግን አንድ ኩባያ እንኳ አንጠጣም።

ልጅህ ሰናይት