ከመስመሩ የራቀው ነጥብ

ማክሰኞ፣ ጥር 14

አዲሷ የሒሳብ መምህርት አምና የእኔ የነበሩትን ልጆች በስልክ ግራፍ ታሠራለች። እያንዳንዱ ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤት ያለውን ርቀትና በእግሩ የሚፈጅበትን ደቂቃ ሲሞላ ነጥቡ ወዲያው ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል፤ ነጥቦቹም ተሰልፈው መስመር ይሠራሉ። የከተማችን የአርብ ገበያ ኔትወርክ እንኳ ለእሷ ሲሆን አይቋረጥም። የዘንድሮ ተማሪዎቼ ሳይቀሩ መስኮቷ ላይ ተንጠልጥለው ያያሉ። እኔ ስንት ዓመት በጠመኔ ሳሰምር ማን ተንጠለጠለ?

ሊንኩን ለመምህራን ግሩፕ ልካው ነበር። ከክፍሏ አጠገብ ባለው ቢሮ ቁጭ ብዬ ከፈትሁትና "አሥር ኪሎ ሜትር፣ አምስት ደቂቃ" ብዬ ሞላሁ። ግራፏ ይበላሽ ብዬ ነው፤ ለራሴ ምን እዋሻለሁ።

ሳቃቸው በግድግዳው አልፎ ተሰማኝ።

"ይኼ በአውሮፕላን ነው እንዴ የሚመጣ?" አለ አንዱ።

"እናጥፋው?" አለች መምህርቷ።

አምና አንደኛ የወጣችው ልጅ ግን "አይሆንም ቲቸር" አለች። "ጋሼ ከመስመሩ የራቀ ነጥብ ዝም ብሎ አይጠፋም፣ መጀመሪያ ባለቤቱ ይጠየቃል ብለው አስተምረውናል።"

በእረፍት ሰዓት መምህርቷ ደስ ብሏት መጣች። "ጋሼ፣ እንዴት አድርገው ነው ያስተማሯት! ነገ ይግቡና ባለቤቱን አብረን እንፈልገው።"

እሺ አልኋት። ልጅቱን በምን ዓይኔ ላያት ነው?