አርባ አንድ ጊዜ «ቆይተው ይሞክሩ»

ለተከበሩ የመዛግብት ቤቱ የድረ ገጽ ማሰባሰቢያ ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እላለሁ። የእኔ ጉልበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቢሮዎ አራት ጊዜ ለመውጣት በቅቷልና ስለ ጤናዬ አያስቡ።

አዋላጅ የነበረችው ልጄ በድረ ገጿ ላይ አርባ አንድ ጽሑፎች ትታ ባለፈው ዓመት አረፈች። ገጹን ያስተናግድ የነበረው ድርጅት ሊዘጋ ሲል፣ ክፍልዎ ፕሮግራም ልኮ ጽሑፎቹን ሰብስቦ እንደሚያኖርልኝ በማኅተም አረጋገጠልኝ። እኔም ማኅተሙን አምኜ ተቀመጥሁ፤ ድርጅቱም ተዘጋ። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፣ ፕሮግራምዎ ስለ ፍጥነቱ ይመስገን። ገጾቹን በጠየቀበት ቀን የድርጅቱ ሰርቨር ተጨናንቆ ስለነበር፣ ለአርባ አንዱም ጥያቄ «ለጊዜው ማስተናገድ አልቻልንም፤ ቆይተው ይሞክሩ» የሚል መልስ ሰጠ። ፕሮግራምዎ አልቆየም፤ አልሞከረምም። ያንኑ ማስታወቂያ አርባ አንድ ጊዜ ገልብጦ፣ በእያንዳንዱ ራስጌ የልጄን ስም ጽፎ አስቀመጠው። እኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ በክፍል ውስጥ ስም ስጠራ፣ «አቤት» ያላለውን ተማሪ «ቀሪ» ብዬ በማግስቱ ደግሜ እጠራው ነበር እንጂ፣ ዘበኛው ከበር ላይ የተናገረውን የተማሪው ድርሰት ነው ብዬ ተቀብዬ አላውቅም።

፪ኛ፣ ባለሙያዎ ስለ ትሕትናው ይመስገን። «እማማ፣ እኛ ጋ እኮ የተሳካ ነው የሚለው» ብሎ በኮምፒውተሩ ላይ አርባ አንድ አረንጓዴ ምልክቶች አሳየኝ። ከእነዚያ አንዱን እንኳ ገልጦ ያነበበ ሰው ቢኖር ኖሮ፣ ድርጅቱ እስኪዘጋ ዳግም ለመጠየቅ ገና አሥራ ዘጠኝ ቀን ነበረው። አሥራ ዘጠኝ ቀን። ስህተቱ የታየው ግን፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ እኔ ላነብ በመጣሁ ጊዜ ነው።

፫ኛ፣ ይህኛው ክስ እርስዎን አይመለከትም፤ ቢሆንም ቁጥር ይዟልና ይቀመጥ። ልጄ የመጀመሪያ ጽሑፏን በወረቀት አትማ ስታመጣልኝ፣ በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መለስሁላት። «እሺ፣ እማዬ» አለች፤ ሌላ አላመጣችልኝም። አርባውን ቆይቼ አነባለሁ እያልሁ ሳላነባቸው ቀረሁ።

ከሁሉ የተረፈው ያ ወረቀት ብቻ ነው። ቅጂውን ከዚህ ጋር አያይዣለሁ፤ ቀዩን ትታችሁ የእሷን ብቻ እንድታኖሩልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

ለክፍልዎ ያላት አክብሮት አርባ አንድ ጊዜ ተፈትኖ ያልጎደለ፣
ጡረተኛዋ መምህርት፣ የአዋላጇ እናት።

ማሳሰቢያ፦ ባለሙያዎ እንዳስረዳኝ፣ በደንብ የተሠራ ፕሮግራም መልስ ሲያጣ ጥቂት ቆይቶ ይጠይቃል፤ ዳግመኛ ካጣም የሚቆይበትን ጊዜ እጥፍ እያደረገ ይሞክራል። እኔም ለዚህ ደብዳቤ መልስ ካጣሁ ከአንድ ወር በኋላ እደግመዋለሁ፤ ከዚያ ከሁለት፣ ከዚያ ከአራት፣ ከዚያ ከስምንት ወር በኋላ። ሰማንያ አራት ዓመቴ ነውና ስንት ዙር እንደሚቀረኝ እርስዎ ያስሉት። ደብዳቤዬ መምጣቱን ያቆመ ቀን ግን፣ እባክዎ «የተሳካ» ተብሎ እንዳይመዘገብ።